ኦቨርድራይቩን ስረግጥ ቤዜ ድራሹ ይጠፋል

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ሮክ በሚጫወት ባንድ ውስጥ ቤዝ ጊታር እጫወታለሁ። አንድ ድራመር፣ አንድ ጊታሪስትና እኔ ነን። ባለ አራት ክር ጃዝ ቤዝ አለኝ። አምፔ (ድምፅ ማጉያዬ) ትራንዚስተር ነው፣ ስፒከሩ ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣ ትንሽ ስፒከር) አለው። ለጊታር የተሠራ ኦቨርድራይቭ (ድምፅ የሚያሻክር) ፔዳል ከጓደኛዬ ተውሼ ቤት ስሞክረው በጣም ደስ አለኝ። ልምምድ ላይ ግን ስረግጠው ቤዙ ድራሹ ይጠፋል። የሚሰማው ጣሳ ውስጥ የገባች ንብ ብቻ ነው። ጌይኑን (የማሻከሪያውን መጠን) ስጨምር ይብስበታል። ጊታሪስታችን ‘ተወው፣ ዲስቶርሽን ለቤዝ አይሆንም’ ይለኛል። እኔ የምፈልገው ወፍራም ሆኖ የሚያጉረመርም ድምፅ ነው። ቱብ አምፕ (በትራንዚስተር ፋንታ በብርጭቆ ቱቦ የሚሠራውን) ልግዛ? ወይስ የቤዝ ፔዳል? ምን ይመክሩኛል?»

ወንድሜ፣ አጭሩን መልስ ላስቀድም። አምፕ አትግዛ፤ ቢያንስ ለጊዜው። ፔዳሉም አልተበላሸም። የተሠራበትን ሥራ በትክክል እየሠራ ነው። ችግሩ ሥራው ለቤዝ የታሰበ አለመሆኑ ነው። የምትፈልገው ጉርምርምታ ደግሞ ከአንድ ድምፅ ብቻ አይወጣም። ከሥር ንጹህ ሆኖ የሚቆም ወፍራም ድምፅ አለ፤ ከላዩ የሚሻክር የመሃል ድምፅ አለ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡ ጆሮ እንደ አንድ ትልቅ ሻካራ ቤዝ ይሰማቸዋል። አንተ አሁን ላይኛውን ይዘህ ሥረኛውን ጥለኸዋል።

ለምን እንደሚጠፋ ከገባህ የቀረውን ራስህ ትጨርሰዋለህ። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ወፍራሙ ክርህ፣ ኢ፣ ምንም ሳትይዘው ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። 41 ኸርዝ ማለት ነው። ኤ 55 ነው፣ ዲ 73፣ ጂ 98። ግን ክር አንድ ድምፅ ብቻ አያወጣም። ከ41 ጋር 82፣ 124፣ 165 እያለ ወደ ላይ የሚሄድ የሃርሞኒክ ሰልፍ አለ። ኦቨርድራይቭ ማለት ሲግናሉን ከመጠን በላይ አጉልቶ ጫፉ እንዲቆረጥ ማድረግ ነው። ጫፉ ሲቆረጥ ሁለት ነገር ይከሰታል። አንደኛ፣ ላይኞቹ ሃርሞኒኮች ይበዛሉ፣ ይጎላሉም። ሻካራነት የምንለው ይህንን ነው። ሁለተኛ፣ በጠንካራና በለስላሳ ምት መካከል ያለው ልዩነት ይጠባል። ጣትህ ክሩን ሲመታ የሚወጣው የመጀመሪያው «ዱም» ተቆርጦ ከተከታዩ ድምፅ ጋር እኩል ይሆናል። ድራመሩ ኪኩን (በእግር የሚመታውን ትልቁን ከበሮ) ሲመታ አብሮት የሚገፋው ግን ያ «ዱም» ነበር። እሱ ሲሄድ ቤዙ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ያፈገፈገ ይመስላል።

የጊታር ፔዳል ደግሞ በዚህ ላይ የራሱን ይጨምራል። የኢባኔዝን ቱብ ስክሪመር እንውሰድ። ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ያለ ፔዳል ነው፣ ያልገለበጠው አምራች የለም ማለት ይቻላል። ሲግናሉን የሚያጎላው ክፍል ከ720 ኸርዝ በታች ሲወርድ ጉልበቱ እየቀነሰ እንዲሄድ ተደርጎ ነው የተሠራው። ሆን ተብሎ ነው። የጊታር ወፍራም ክር 82 ኸርዝ ነው፤ እሱ በሙሉ ጉልበቱ ገብቶ ቢቆረጥ ድምፁ ይጨቀያል። ጊታሪስት ደግሞ መሃሉ ተስቦ እንዲወጣለት ይፈልጋል። ያንተ 41 ኸርዝ ግን ከ720 በጣም ሩቅ ነው። መሃሉ ብዙ እጥፍ ሲጎላ ሥሩ እዚያው ባለበት ይቀራል። ከዚያ አንተ መሃሉ ጮኸብህና የፔዳሉን ቮልዩም ትቀንሳለህ። ሥሩም አብሮ ይወርዳል። ቤዙን ያጠፋኸው በራስህ እጅ ነው ማለት ነው፣ ግን ማንም እንደዚያ ያደርጋል።

«ታዲያ ቤት ለምን አማረ?» ትለኝ ይሆናል። ቤት ቮልዩም ዝቅ አድርገህ ነው የምትጫወተው። የሰው ጆሮ ደግሞ ድምፅ ዝቅ ሲል ወፍራሙን ድምፅ በደንብ አይሰማም። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንን በ1933 ለክተው አሳይተዋል። ስለዚህ ቤት ውስጥ ንጹህ ስትጫወትም 41 ኸርዙ ብዙ አልነበረህም። ፔዳሉ ሲወስደው አልታወቀህም። በምትኩ የሰጠህ ሃርሞኒክ ጆሮ በደንብ በሚሰማበት ቦታ ላይ ስለሆነ ድምፁ ያደገ መሰለህ። ልምምድ ቤት ስትገባ ነገሩ ይገለበጣል። ድምፁ ከፍ ስላለ የሥሩ አለመኖር ይጋለጣል። የፔዳሉን ዝዝታ ደግሞ ሲምባሉና የጊታሩ ዲስቶርሽን እዚያው ቦታ ላይ ቁጭ ብለው ይሸፍኑታል። ሥሩ የለም፣ ላዩ ተሸፍኗል። ምን ቀረህ? ንቧ።

ከዚህ የምትወስደው አንድ የሥራ ሕግ አለ። የሻከረ ቤዝን ብቻህን ሆነህ አትመዝነው። ብቻውን ሲሰማ ግሩም የሆነ ድምፅ ባንድ ውስጥ ብዙ ጊዜ አይረባም። ባንድ ውስጥ ግሩም የሚሆነው ደግሞ ብቻውን ሲሰማ አፍንጫ አፍንጫ የሚል፣ መሃሉ የበዛ፣ እንዲያውም ትንሽ አስቀያሚ ሊሆን ይችላል። የሞተርሄዱ ሌሚ ሪከንባከር ቤዙን ወደ ማርሻል አምፕ እየሰካ ሲጫወት በአምፑ ላይ ቤዝና ትሬብሉን (ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ) አውርዶ ሚዱን (የመሃሉን) ወደ ላይ በመጫን ነበር የሚታወቀው። ወረቀት ላይ ስታነበው ዕብደት ይመስላል። ባንድ ውስጥ ግን ማንም ሸፍኖት አያውቅም።

እንግዲህ ወደ መፍትሔው። መጀመሪያ ገንዘብ የማይጠይቀውን እንጨርስ።

ጌይኑን ቀንስ። አሁን ካለበት ግማሽ አድርገው፣ ከዚያ ደግሞ ትንሽ ቀንስለት። ቤዝ ላይ የሚያስፈልገው ጌይን ሰው ከሚገምተው ሁልጊዜ ያነሰ ነው። ጥሩው ቦታ ስትነካካው ንጹህ ሆኖ ጠበቅ አድርገህ ስትመታው የሚያንጎራጉርበት ነው። የተቀዱ ሥራዎች ላይ «ይህ ቤዝ እንዴት ሻክሯል!» የምንላቸው ብዙዎቹ የቤዙ ትራክ ለብቻው ሲሰማ የምንገምተውን ያህል የሻከሩ አይደሉም። ጊታሩ ሃርሞኒኩን እያዋሰ ያስከብዳቸዋል።

ከዚያ ቮልዩሙን አስተካክል። ፔዳሉ ሲበራና ሲጠፋ እኩል መጮኹን በጆሮህ አትመን፤ ሲበራ መሃሉ ስለሚጎላ ጆሮህ ይታለላል። ድራመሩ ኪክና ስኔር ብቻ እየመታልህ አንድ ቀላል መስመር ደጋግመህ ተጫወት። ፔዳሉን ስታበራ ኪኩ ብቻውን የቀረ ከመሰለህ ቮልዩሙ ወይም ሥሩ ጎድሏል ማለት ነው። ድራመርህንም ጠይቀው። ድራመሮች ይህንን ከማንም በፊት ነው የሚያውቁት፣ ግን የሚጠይቃቸው የለም።

ቀጥሎ ትዊተሩን አጥፋ። ይህ ለብቻው ግማሹን ችግርህን ሊፈታው ይችላል። ጊታሪስቶች የሚጫወቱበት ስፒከር ከ5,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ በአብዛኛው አያወጣም። የዲስቶርሽን ዝዝታ የሚኖረው ደግሞ እዚያ ላይ ነው። ጊታሪስቱ ሳያውቀው ስፒከሩ ያጣራለታል። ያንተ ትዊተር ግን እያንዳንዷን ዝዝታ ተንከባክቦ ያወጣታል። ካቢኔቱ (የስፒከሩ ሣጥን) ጀርባ ላይ የትዊተር መቀነሻ ቁልፍ ካለ ዜሮ አድርገው። ከሌለ የአምፑን ትሬብል አውርድ፤ የቤዝህንም የቶን ቁልፍ ግማሽ ድረስ ዝጋው። የሻከረ ቤዝ ላይ የቶን ቁልፍ ዝግ ሲሆን ድምፁ አይሞትም። ዲስቶርሽኑ ከፊቱ የገባለትን ይዞ የራሱን ሃርሞኒክ ይሠራልና።

ጃዝ ቤዝ ስላለህ አንድ ነገር ልጨምር። ሁለቱም ፒክአፖች (የክሩን መርገብገብ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡት) ሙሉ ሲከፈቱ ከመሃል ድምፁ ጥቂቱ ይጠፋፋል። ለንጹህ ድምፅ ያምራል። ለኦቨርድራይቭ ግን የሚሻክረው ሥጋ ያ መሃል ነው። አንዱን ፒክአፕ ትንሽ ቀነስ አድርገውና መሃሉ ሲመለስ ትሰማዋለህ። ጨርሰህ ከዘጋኸው ግን ነጠላ ፒክአፕ ስለሆነ «እምም» የሚል የኤሌክትሪክ ድምፅ ሊመጣብህ ይችላል። ፔዳሉ ያንንም አጉልቶ ያሳይሃል።

ይህንን ሁሉ አድርገህ የተዋስከው ፔዳል ከበፊቱ ይሻላል። ሥሩን ግን ሙሉ በሙሉ አይመልስልህም። ለዚያ የሚያስፈልግህ ብሌንድ ነው።

ብሌንድ ማለት ንጹሁን ሲግናል ከሻከረው ጋር የሚቀላቅል ቁልፍ ነው። ለቤዝ የተሠሩ ፔዳሎችን ከጊታሮቹ የሚለየው ዋናው ነገር እሱ ነው። የቴክ 21 ሳንስአምፕ ቤዝ ድራይቨር አለው። የፊንላንዱ ዳርክግላስ ፔዳሎቹ ላይ አለው። የቦስ ኦዲቢ-3 ላይ «ባላንስ» በሚል ስም ተቀምጧል። ኤሌክትሮ ሃርሞኒክስ ቢግ ማፍ የተባለውን ፔዳሉን ለቤዝ ሲሠራው ንጹሁን የሚጨምር ማብሪያ ጨምሮለታል። ሁሉም ወደ አንድ መፍትሔ የመጡት ችግሩ አንድ ስለሆነ ነው።

ሐሳቡ ከፔዳሎቹም ይቀድማል። የዘ ሁ ባንድ ቤዝ ተጫዋች ጆን ኤንትዊስል ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ ወደተለያዩ አምፖች ይልክ ነበር። ሌላው ቤዝ ተጫዋች ቢሊ ሺሃን ደግሞ ቤዙ ላይ ጥልቅ ድምፅ የሚሰጥ ተጨማሪ ፒክአፕ አስገብቶ ሁለት መውጫ አበጀለት። ከአንዱ ንጹሁ ሥር ይወጣል፣ ከሌላው የሚሻክረው። ያማሃ በስሙ የሚሠራለት ቤዝም ሁለት መውጫ አለው። ያንን ሁሉ ጣጣ ዛሬ አንድ ቁልፍ ይሠራልሃል።

ቁልፉን እንዴት ታዞረዋለህ? ንጹሁ ላይ ጀምር። ባንዱ እየተጫወተ የሻከረውን ቀስ እያልክ አስገባው። «አሁን መጣ» ከምትልበት ቦታ ጥቂት እለፍና ቁም። ብዙ ሰው በተቃራኒው ነው የሚሄደው፤ ከሻከረው ጀምሮ ንጹሁን ጠብ ጠብ ያደርጋል፤ መጨረሻ ላይ ሥር የሌለው ድምፅ ይዞ ይቀራል። ንጹሁን የምትጨምረው ለሥሩ ስትል ስለሆነ፣ ትሬብሉ ላይ ንጹሁ እየጠቀጠቀ ሻካራው የተለጠፈበት ከመሰለህ የቶን ቁልፍህን ዝጋ፣ ወይም ንጹሁን ብቻ የሚያጣራ ቁልፍ ያለው ፔዳል ፈልግ። ሁለት የተለያዩ ሰዎች የሚጫወቱ መምሰል የለበትም።

እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። የጊታሩን ፔዳል ሳትጥል ለብቻው የሚሸጥ የብሌንድ ፔዳል ገዝተህ ማያያዝ ትችላለህ። አንዳንድ ፔዳል ግን ሲግናሉን ገልብጦ ነው የሚያወጣው። ንጹሁ ወደ ላይ ሲሄድ የሻከረው ወደ ታች ይሄዳል። ሲቀላቀሉ ሥሩ ይጠፋፋል፤ ሥሩን ልትመልስ የገዛኸው ዕቃ ሥሩን ይበላዋል። ምልክቱ ቀላል ነው። ንጹሁን ብቻ ስትሰማ ወፍራም፣ የሻከረውን ብቻ ስትሰማ ደህና፣ ሁለቱን ስታቀላቅል ቀጭን ከሆነ ይኸው ነው። ስለዚህ የምትገዛው ብሌንድ ፌዝ (የሲግናሉን የላይና የታች አቅጣጫ) መገልበጫ ማብሪያ ያለው ይሁን። በዲጂታል መሣሪያ ደግሞ የሻከረው መንገድ ትንሽ ሊዘገይ ይችላል። መዘግየቱ 2 ሚሊሰከንድ ቢሆን እንኳ ሁለቱ ሲቀላቀሉ 250 ኸርዝ አካባቢ ጉድጓድ ይፈጠራል፣ ከዚያ 750 ላይ፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ብሌንዱን ከውጭ ሳይሆን እዚያው መሣሪያው ውስጥ አድርገው።

አሁን ስለ ቱብ አምፕ። ሕልሙ ይገባኛል። አምፔግ ኤስቪቲ በ1969 ሲወጣ 300 ዋት ነበር፣ ባለ ስምንት 10 ኢንች ስፒከር ካቢኔት ላይ የሚጫን። ሮሊንግ ስቶንስ በዚያው ዓመት ጉብኝታቸው ላይ ተጠቅመውበታል። ከዚያ ወዲህ «የሮክ ቤዝ ድምፅ» ሲባል አብዛኛው ሰው በጭንቅላቱ የሚሰማው እሱን ነው። ቱብ ሲገፋ ጫፉን በድንገት አይቆርጥም፣ እያጠጋጋ ነው የሚሄደው። የውጤት ቱቦቹና ትራንስፎርመሩ አብረው ሲጨናነቁ የሚመጣው ውፍረት ደግሞ እውነት ነው፤ ተረት አይደለም። ግን 300 ዋት ቱብ እንዲጨነቅ ምን ያህል መጮኽ እንዳለበት አስብ። በልምምድ ክፍል ውስጥ እዚያ ሳትደርስ ጎረቤት ይደርሳል። ዝቅ አድርገህ ስትጫወትበት የምታገኘው ጥሩ፣ ውድ፣ ወደ 40 ኪሎ የሚጠጋ ንጹህ አምፕ ነው። ያን ጊዜም ፔዳል ያስፈልግሃል።

አነስተኛ ዋት ያለው ቱብ አምፕስ? እሱ ቶሎ ይሻክራል። ነገር ግን ከድራም ጋር ሥሩን ተሸክሞ ለመሄድ አቅም ያጣል። ስቱዲዮ ውስጥ ማይክራፎን ፊቱ ከተደቀነ ግሩም ነው። በነገራችን ላይ ዋት ሲጨምር ድምፁ በዚያው ልክ አይጨምርም። ከ100 ወደ 200 ዋት ስትሄድ የምታገኘው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። «የኔ አምፕ ዋቱ ስላነሰ ነው» እያሉ አምፕ ከሚለውጡት ብዙዎቹ የጎደላቸው ዋት ሳይሆን ሚድ ነው። ቱብ አምፕ ከገዛህ ደግሞ አንድ ነገር እንዳትረሳ። ስፒከር ሳይሰካበት ድምፅ እንዳታስገባበት። የውጤት ትራንስፎርመሩን ሊያቃጥለው ይችላል።

ስለዚህ ከሁለቱ ምርጫዎችህ የቤዝ ፔዳሉ ይሻልሃል። የትኛው ነው ካልከኝ በምትፈልገው ሻካራነት ይለያያል። ሳንስአምፕ ዓይነቱ የአምፕ ጠባይ ይሰጥሃል። ሁልጊዜ ቢበራ የማይሰለች ነው፣ ቀጥታ ወደ ሚክሰር መውጫም አለው። አንተ «ወፍራም ሆኖ የሚያጉረመርም» ካልከው ጋር የሚቀርበው እሱ ነው ብዬ አስባለሁ። ዳርክግላስ ጠበቅ ያለ፣ ጥርስ ያለው፣ ዘመናዊ ሜታል ላይ የምትሰማው ዓይነት ነው። ፈጣን ምት ላይ እያንዳንዱ ኖታ ተለይቶ ይወጣል። ለዘገምተኛ ሮክ ግን ለኔ ጆሮ ትንሽ ይቀዘቅዛል። የፕሮኮ ራት ለጊታር የተሠራ ሆኖ ቤዝ ተጫዋቾች ከድሮ ጀምሮ የወደዱት ነው። ብሌንድ ባይኖረውም ሥሩን በመጠኑ ይይዛል። «ፊልተር» የሚለው ቁልፉ ግን ወደ ቀኝ ሲዞር ትሬብሉን ይቀንሳል፤ ተጠንቀቅ፣ ስንቱ ሰው ተደናግሮበታል። ቢግ ማፍን የመሰሉ ፈዞች (ሲግናሉን እጅግ አብዝተው የሚያሻክሩ ፔዳሎች) ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው። ድምፁ እንደ ግድግዳ ሰፊ ነው፣ ግን መሃሉን ስለሚጎደጉዱት ጊታር ባለበት ባንድ ውስጥ ቶሎ ይዋጣሉ። ጊታሪስት ለሌለው ባንድ ወይም ጊታሩ ዝም ለሚልበት ቦታ አስቀምጠው።

በፔዳሉ ውስጥ የሲግናሉን ጫፍ ስለሚቆርጡት ዕቃዎች፣ ስለ ዳዮድና ትራንዚስተር፣ ክርክር ብዙ ታነባለህ። ጀርማኒየም ዳዮድ 0.3 ቮልት አካባቢ መቁረጥ ይጀምራል፣ ሲሊከን 0.6 ወይም 0.7 ላይ፣ ኤልኢዲ ደግሞ 2 ቮልት አካባቢ። ለቤዝ የሚያስኬደው ዘግይቶ የሚቆርጠው ነው፤ ያ «ዱም» ጥቂት መተንፈሻ ያገኛል። ከዚህ በላይ ያለው ክርክር ጊዜ ማሳለፊያ ነው።

እጅህን አንርሳው። ዲስቶርሽን ሲበራ ልዩነቱ ስለሚጠብ ክር ሲነካ፣ ጣት ሲንሸራተት፣ ያልተያዘ ክር ሲያንጎራጉር ሁሉም እኩል ይጮኻል። በማትጫወትባቸው ክሮች ላይ የግራ እጅህን ጣቶች አሳርፋቸው። ሁለት ኖታ አንድ ላይ መምታትም ይከብዳል። ክፍት ኢ እና ከሱ በላይ ያለውን ቢ አንድ ላይ ብትመታ ዲስቶርሽኑ የሁለቱን ልዩነት፣ ወደ 20 ኸርዝ የሚሆን ነገር፣ ፈጥሮ ይጨምርልሃል። ስፒከሩ ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ኖታ አይሰማም። እንዲህ ያለውን አንገቱ ላይ ከፍ ብለህ በቀጫጭኑ ክሮች ተጫወተው። ፕለክትረም (ክር መምቻ) ካለህ ደግሞ ሞክረው። የምቱ ጫፍ ስለታም ስለሚሆን ከሻካራው ውስጥ ይወጣል።

ኮምፕረሰር (የጠንካራና የለስላሳ ምትን ልዩነት የሚያጠብ መሣሪያ) ካለህ ከኦቨርድራይቩ በፊት ብታደርገው ሻካራነቱ በሁሉም ኖታ ላይ እኩል ይሆናል። ግን በምት ጥንካሬ የመቆጣጠር ነጻነትህን ታጣለህ። ለጀማሪ ያለ ኮምፕረሰር ይሻላል ባይ ነኝ፤ ዲስቶርሽኑ ራሱ በቂ ይጨምቃል። የፔዳሉን ኤሌክትሪክ በተመለከተ ደግሞ 18 ቮልት ይችላል ተብሎ ካልተጻፈበት 9 ቮልት ብቻ ስጠው። የሚችል ከሆነ 18 ቮልት ለሥሩ ሰፋ ያለ ቦታ ይሰጠዋል።

መድረክ ላይ ከፔዳልህ ቀጥታ ወደ ሚክሰር ሲወጣ ንቧ ተመልሳ እንዳትመጣ ተጠንቀቅ። ሚክሰሩ ጋ የሚደርሰው ድምፅ በስፒከርህ አላለፈም። ታዳሚው የሚሰማበት ስፒከር ደግሞ ትልልቅ ትዊተሮች አሉት። የካቢኔት ማስመሰያ ያለው ፔዳል ወይም ዲአይ (ቤዝን ቀጥታ ከሚክሰር የሚያገናኝ ሣጥን) ተጠቀም። ሁለቱም ከሌለ ሳውንድ ማኑን ከ4,000 ወይም ከ5,000 ኸርዝ በላይ ያለውን ቆርጦ እንዲጥልልህ ለምነው። ከ30 ኸርዝ በታች ያለውንም ይቁረጠው፤ እዚያ ሙዚቃ የለም፣ ስፒከር የሚያደክም ነገር ብቻ ነው።

ልትቀዱ ካሰባችሁ ግን ነገሩ ከሁሉም ይቀላል። ንጹሁን ቤዝ ብቻ ቅዳ። ትራኩን ኮፒ አድርግ። በአንዱ ላይ ከ200 ወይም ከ250 ኸርዝ በላይ ያለውን ቁረጥና ትንሽ ኮምፕረስ አድርገህ ንጹህ ተወው። በሌላው ላይ ከዚያ በታች ያለውን ቁረጥና የፈለግከውን ያህል አሻክረው። እዚህ ጌይን ብታበዛም አትቀጣም፤ ሥሩ ሌላኛው ትራክ ላይ በሰላም ተቀምጧል። ሁለቱን ስታቀላቅል ሥሩ ከሳሳብህ የአንዱን ፌዝ ገልብጠህ ስማ። ወፍራም የሆነው ነው ትክክሉ።

ጊታሪስትህን በተመለከተ፣ «ለቤዝ አይሆንም» ያለህ ምናልባት የሱን ቦታ ስለወሰድክበት ይሆናል። እሱም ያንተን ወስዶብሃል። ብዙ ጊታሪስት ቤቱ ብቻውን ሲጫወት እንዲወፍርለት የአምፑን ቤዝ ቁልፍ ከፍ አድርጎ፣ ሚዱን ጎድጉዶ ይመጣል። ከ100 ኸርዝ በታች ያለውን እንዲቆርጥልህ ጠይቀው፤ ባንድ ውስጥ ልዩነቱ አይታወቀውም፣ አንተ ግን ትተነፍሳለህ። አንተ ደግሞ ሻካራነትህን ከ500 እስከ 1,000 ኸርዝ ባለው ውስጥ አድርገህ ከዚያ በላይ ያለውን ተውለት። እሺ ካላለ ሶሎ ሲጫወት ኦቨርድራይቭህን አብራና ስር ስሩን ሙላለት። ሁለተኛ ጊታሪስት የሌለው ባንድ ውስጥ ሶሎው ላይ የሚፈጠረውን ባዶ ቦታ የሚሞላው የሻከረ ቤዝ ነው። ከዚያ በኋላ ራሱ «ለምን አጠፋኸው?» ይልሃል።